ዝም ያለ ቫልቭ፦ ያገለገለ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ብስክሌትን በመለኪያ መንከባከብ

የግብርና ባለሙያውን ከቀበሌ ወደ ቀበሌ፣ የክትባት ሠራተኛዋን ከጤና ጣቢያ ወደ ሩቅ መንደር ከሚያደርሱት መጓጓዣዎች አንዱ ለአስፋልትም ለፒስታም እንዲሆን ተደርጎ የተሠራው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ብስክሌት ነው። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርሳም፣ አሞርዛተሩ ረጅም፣ የሞተሩም አሠራር ቀላል ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ዕድሜው ሃያ ዓመት ቢያልፍም እንክብካቤ ካገኘ ያገለግላል። እንክብካቤ ካጣ ግን ከጋራዥ ርቆ ይቆማል፤ እርሱ ሲቆም ደግሞ አብሮት የሚቆመው ሥራ ቀላል አይደለም።

እንደሚታወቀው የሞተርን ጤንነት አብዛኞቻችን የምንመዝነው በጆሮ ነው። ድምፁ ለስለስ ካለ «ጤነኛ ነው»፣ ከተንኳኳ «ታሟል» እንላለን። ጆሮ ጠቃሚ መሣሪያ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን እጅግ ወሳኝ በሆነው ቦታ ላይ ያታልላል። በዚህ ጽሑፍ ይህ የሆነበትን ምክንያት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ እየታገዝን እንመለከታለን፤ ባለንብረቱም በጥቂት ርካሽ መለኪያዎች በቤቱ ሊሠራቸው የሚችላቸውን ተግባራት እናቀርባለን።

ስለ መሣሪያው ጥቂት

ለአስፋልትና ለፒስታ በአንድነት የተዘጋጁ ሞተር ብስክሌቶች በዓለም ገበያ በስፋት መታወቅ የጀመሩት፣ የያማሃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ-1 የተባለውን ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌት ካቀረበ በኋላ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ባለ አራት ምቱን ኤክስኤል 250 አስከተለ። ያማሃ በ1970ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ኤክስቲ 500 ደግሞ በአሽከርካሪው ሲሪል ኔቩ እጅ የመጀመሪያውን የፓሪስ-ዳካር ውድድር አሸነፈ። ውድድሩ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1978 ከፓሪስ ተነሥቶ ሰሐራን በማቋረጥ በጃንዋሪ 1979 ዳካር ላይ ተጠናቀቀ። ባለ ድሉ ሞተር አንድ ሲሊንደር፣ ሁለት ቫልቭና አንድ ካርቡሬተር ብቻ ያለው፣ በእግር ተረግጦ የሚነሣ ነበር። በረሃ ላይ የሚበላሽ ነገር ጥቂት መሆኑ ራሱን የቻለ ጉልበት ነው።

ለማብራሪያችን እንደ ምሳሌ የምንወስደው የሱዙኪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ያቀረበውን ዲአር 650 ኤስኢ ነው። የሲሊንደሩ ውስጣዊ ዲያሜትር 100 ሚሊሜትር፣ ፒስተኑ ከታች ወደ ላይ የሚጓዘው ርቀት 82 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ይዘቱ 3.1416 × 5 × 5 × 8.2 ሲሰላ 644 ሴንቲሜትር ኩብ ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር፣ አራቱ ምቶች በሁለት ዙር ስለሚጠናቀቁ፣ ቤንዚኑ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ይነድዳል። እያንዳንዱም ቫልቭ በሰከንድ 42 ጊዜ ያህል፣ በአንድ ሰዓት ጉዞ ደግሞ 150,000 ጊዜ ይከፈታል፤ ይዘጋልም ማለት ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ሞተር አልነሣ ሲል ብዙ ሰው ወዲያውኑ ካርቡሬተሩን መፍታት ይጀምራል። ይህ ከግምት የሚመነጭ አሠራር በመሆኑ አንዱን ችግር ሁለት ሊያደርገው ይችላል። የሚሻለው ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል መጠየቅ ነው። የእሳት ብልጭታ አለ ወይ? በሚገባ የተመጠነ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ይደርሳል ወይ? ሲሊንደሩ አየሩን አምቆ ይይዛል ወይ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ካንዴላውን ነቅሎ፣ ከኬብሉ ጋር እንደ ተያያዘ የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቆ ማስነካትና ሞተሩን ማዞር ነው። ካንዴላው ከተነቀለበት ቀዳዳ መራቅ አለበት፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት ሊቀጣጠል ይችላልና። ጠንካራና ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ለሁለተኛው ጥያቄ የካንዴላውን ጫፍ እንመለከታለን። ከብዙ ርግጫ በኋላ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፤ በቤንዚን ከራሰ ደግሞ ከመጠን በላይ ደርሶታል፣ ወይም ደርሶት አልተቀጣጠለም።

ለሦስተኛው ጥያቄ በካንዴላው ቀዳዳ ላይ የሚገጠም የእመቃ ግፊት መለኪያ ያስፈልጋል። የቤንዚን መስጫው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሞተሩ ሲዞር የሚታየው ቁጥር በአምራቹ መመሪያ ላይ ካለው ጋር ይነጻጸራል። ሲነሡ እንዳይከብዱ እመቃን በራሱ የሚያቀልል መሣሪያ የተገጠመላቸው ሞተሮች ስላሉ፣ የአንዱን ሞተር ቁጥር ለሌላው መጠቀም አይገባም። ንባቡ አነስተኛ ከሆነ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ዘይቱ በፒስተኑ ቀለበቶች ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍነዋል። ስለዚህ ግፊቱ ጉልህ ሆኖ ከጨመረ ያረጁት ቀለበቶቹና ሲሊንደሩ ናቸው፤ ካልጨመረ ግን አየሩ የሚያመልጠው በአብዛኛው በቫልቮቹ በኩል ነው። አንድ ማንኪያ ዘይት ሞተሩን ሳንፈታ ሁለት በሽታዎችን ለየልን ማለት ነው።

ጆሮ የሚሳሳተው የት ላይ ነው?

ቫልቭ የሚከፈተው ሮከር የተባለው ክንድ ጫፉን ሲጫነው ነው። ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት ይተዋል። በምሳሌያችን ሞተር ላይ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ ለአየር ማስገቢያው ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊሜትር፣ ለጭስ ማስወጫው ከ0.17 እስከ 0.22 ሚሊሜትር መሆን ይገባዋል። የሰው ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የምንናገረው ስለ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፀጉር ውፍረት ነው።

ክፍተቱ ያስፈለገው ብረት በሙቀት ስለሚስፋፋ ነው። አንድ 100 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው የብረት ዘንግ ሙቀቱ በ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር 0.48 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ቫልቩን የያዘው የአሉሚኒየም ቴስታታም አብሮ ስለሚስፋፋ የዚህ ርዝመት ከፊሉ ይካካሳል፤ የቀረውን ልዩነት የሚሸከመው ግን ያ ጠባብ ክፍተት ነው። የጭስ ማስወጫው ክፍተት ሰፋ የሚለውም ቫልቩ ከማስገቢያው ይልቅ እጅግ ስለሚግል ነው።

አሁን ወደ ጆሮ እንመለስ። ክፍተቱ ከመጠን በላይ ሲሰፋ ሮከሩ ቫልቩን እየመታ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ይህ ባለንብረቱን ያስደነግጠዋል፤ ጉዳትም አለው፣ ነገር ግን ጉዳቱ አዝጋሚ ነው። በሌላ በኩል ቫልቩና መቀመጫው በሺህ ሺህ ጊዜ ሲጋጩ ቀስ በቀስ ይበላሉ። ሲበሉም ቫልቩ ወደ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ጫፉ ወደ ሮከሩ ይጠጋል፤ ክፍተቱም ይጠብባል። በዚህ ጊዜ ድምፁ ይቀንሳል፤ ባለንብረቱም ሞተሩ የተሻለው ይመስለዋል።

ክፍተቱ ፈጽሞ ሲጠፋ ቫልቩ በጋለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ሙቀት ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል። ከዚህ ሙቀት አብዛኛውን የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫውን በሚነካባት አጭር ጊዜ ነው። በሚገባ ካልነካ ሙቀቱን ማራገፊያ ያጣል፤ በቀረው ስንጥቅ በኩል ደግሞ ነበልባል ያልፋል። ጠርዙ ይቃጠላል፣ እመቃው ይወርዳል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተነሥቶ ሲግል አልነሣ ማለቱ ከታወቁት ምልክቶች አንዱ ነው። በመለኪያ ሊደረስበት ይችል የነበረው ችግር በዚህ ደረጃ ላይ ቴስታታን ማስፈታት፣ ቫልቭ ማስቀየርና መቀመጫ ማስሞረድ ይጠይቃል። ስለዚህ የሚያንኳኳ ቫልቭ ያስጠነቅቃል፤ ዝም ያለ ቫልቭ ግን ሳያስጠነቅቅ ይነድዳል።

መለኪያው እንደ ቢላዋ የሚታጠፉ፣ ውፍረታቸው የተጻፈባቸው የስስ ብረት ቅጠሎች ጥቅል ነው። አሠራሩም የሚከተለው ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይቀዝቅዝ። ካንዴላው ይነቀል። የክራንኩ ዘንግ በቁልፍ እየተዞረ፣ ፒስተኑ የእመቃውን ምት ጨርሶ ከላይኛው ጫፍ መድረሱን በሚያሳየው ምልክት ላይ ይቁም። ምልክቱ በእመቃም በጭስ ማስወጫም ምት መጨረሻ ላይ ስለሚገጥም ሮከሮቹ በእጅ ሲነኩ ላላ ማለታቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ላላ ካላሉ ክራንኩ አንድ ሙሉ ዙር ይጨመር። ተገቢው ቅጠል በክፍተቱ መካከል በመጠኑ እየተያዘ መንሸራተት አለበት። ማስተካከያው ብሎን በካቻቪቴ ተይዞ ዳዶው ይጠበቃል፤ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ሊዞር ስለሚችል ልኬቱ ይደገማል። በመጨረሻም ክራንኩ ሁለት ዙር ዞሮ ለሦስተኛ ጊዜ ይለካ።

የደጋው አየርና የቆላው ቁልቁለት

ሁለተኛው ጆሮ የማይደርስበት ጉዳይ የቤንዚንና የአየር ምጣኔ ነው። ካርቡሬተር የሚሠራው ዳንኤል ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ ባብራራው መርሕ ነው፤ አየር በጠባብ አንገት ውስጥ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል። የቀነሰው ግፊት ቤንዚኑን «ጂግለር» በሚባለው ባለ ቀዳዳ ትንሽ የናስ ብሎን በኩል ይስበዋል። ካርቡሬተሩ ግን የአየሩን ክብደት አይመዝንም። የሚሰማው የግፊቱን ልዩነት ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ እፍጋቱንም ለስሌታችን 78 በመቶ እንውሰደው። በተመሳሳይ የአየር ፍጥነት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው የአየር ክብደት ወደ 78 በመቶ ይወርዳል። የቤንዚኑ መጠን ግን የሚወርደው በግፊቱ ልዩነት ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ ወደ 88 በመቶ ብቻ ነው። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ድብልቁ 13 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ለባሕር ወለል የተመጠነ ጂግለር ይዞ በደጋ የሚሄድ ሞተር ጥቁር ጭስ የሚያወጣው፣ ካንዴላው በጥላሸት የሚሸፈነው፣ ቤንዚንም የሚያባክነው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው የቀዳዳው ስፋት በ12 በመቶ፣ ማለትም ዲያሜትሩ በ6 በመቶ ያህል ያነሰ ጂግለር መግጠም ነው። ይህም ቢሆን ምጣኔውን ያስተካክላል እንጂ የጎደለውን አየር አይመልስም፤ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉ በከፍታው ምክንያት መቅረቱ አይቀርም።

ትልቁ አደጋ ያለው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ለደጋ የተስተካከለው ሞተር ብስክሌት ወደ አዋሽና ወደ አፋር ሲወርድ ስሌቱ ይገለበጣል። አየሩ ይታፈጋል፤ ትንሹ ጂግለር ግን የሚበቃውን ቤንዚን አያቀርብም። ሙሉ ጉልበት በሚጠየቅበት ጊዜ ለአንድ ክፍል ቤንዚን 13 ክፍል ያህል አየር በክብደት ይስማማል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ተጨማሪውን ቤንዚን እንደ ማቀዝቀዣም ይጠቀምበታል። በአዲስ አበባ 13 ለ 1 የነበረው ድብልቅ በባሕር ወለል አጠገብ 14.7 ለ 1 ይሆናል። በረጅም ቀጥ ያለ መንገድ፣ በሙሉ ጉልበትና በቆላ ሙቀት ላይ ይህ ልዩነት ፒስተኑን ሊያነክስና የጭስ ማስወጫ ቫልቭን ሊያቃጥል ይችላል። አሳሳቹ ነገር፣ በወፍራሙ አየር ምክንያት ሞተሩ በቁልቁለቱ ላይ የበረታ መስሎ መታየቱ ነው።

ስለዚህ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ሞተሩ ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን ትልቁን ጂግለር በኪሱ ይዞ፣ ከመውረዱ በፊት ቢቀይረው ይመረጣል። መቀየር ካልቻለ ሙሉ ጉልበትን ለረጅም ጊዜ አይጠቀም። በሁለቱም አየር በአንድ ጂግለር ለመሥራት ለሚገደድ ሰው ትልቁ ይሻለዋል፤ ትልቁ ቤንዚን ያባክናል፣ ትንሹ ግን ሞተር ይገድላል። ማረጋገጫውን ከካንዴላው ማግኘት ይቻላል። ሙሉ ጉልበት ላይ ጥቂት ተጉዞ ሞተሩን በማጥፋት ሲነቀል፣ የውስጠኛው ነጭ ሸክላ ቀላል ቡናማ ከሆነ ምጣኔው መልካም ነው። ጥቁርና ዱቄት መሰል ጥላሸት የቤንዚን ብዛትን፣ ፍጹም ንጣት ደግሞ እጥረትን ያመለክታል።

አቧራ፣ ዘይትና ካቴና

የፒስታ አቧራ ውስጥ ኳርትዝ አለ። ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ የሚገኝ ማዕድን ነው፤ የቢላዋ ብረትን እንኳ ይቧጭራል። በአየር ማጣሪያው አልፎ የገባ አቧራ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ፒስተኑንና ቀለበቶቹን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። የስፖንጅ ማጣሪያ በነጭ ጋዝ ወይም በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ፣ በሚገባ ደርቆ፣ ለማጣሪያ በተዘጋጀ ዘይት መራስ አለበት። አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነው፤ ደረቅ ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ ያሳልፋል። በቤንዚን ማጠብ የስፖንጁን ማጣበቂያ ከማላቀቁም በላይ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

የምሳሌያችን ሞተር የሚይዘው ዘይት 2.3 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ጥቂት ዘይት ክራንኩን፣ የማርሽ ሳጥኑንና ፍሪሲዮኑን በአንድነት ያገለግላል፤ ቴስታታውንም ያቀዘቅዛል። በመሆኑም የመኪና ዘይት ሁሉ አይስማማውም። መንሸራተትን የሚጨምሩ ቅመሞች ያሉበት ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። በዕቃው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚለው ምልክት ዘይቱ በዘይት ለሚርስ የሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮን ተስማሚ መሆኑን ይገልጻል።

ካቴናን በተመለከተ ብዙዎች አጥብቀው ይወጥሩታል። የኋላው ቸርኬ በአሞርዛተሩ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ግን በፊተኛውና በኋለኛው ጥርሶች ማዕከሎች መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል። የሁለቱ ጥርሶችና የኋላው ሹካ መታጠፊያ ማዕከሎች በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ ርቀቱ ከፍተኛ ይሆናል። ቆሞ ሳለ የተወጠረ ካቴና በዚያ ቅጽበት መጎተቻ አጥቶ የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይጫናል። በምሳሌያችን ላይ የካቴናው መሐል ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው በጠቅላላው ከ40 እስከ 50 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ይህን በማስመሪያ መለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጥንቃቄ

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥገና ከሕይወት የሚበልጥ አይደለም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሞተርን ማስነሣት ፈጽሞ አይገባም። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምና ሽታ የለውም፤ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ያለው ትስስር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበረታ ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። ካርቡሬተር በሚፈታበት ስፍራ ከሰል፣ ሻማ ወይም ሲጋራ አይኑር። በቆዩ ሞተር ብስክሌቶች የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል አቧራው በአፍም ሆነ በአየር ግፊት አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ባሕርይ ስላለው ተከፍቶ የቆየውን መጠቀም አይገባም፤ የሳበው ውሃ በቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፍሬኑን ያሳጣልና።

የመጨረሻው መሣሪያ፦ ደብተር

እስካሁን ከጠቀስናቸው መለኪያዎች ሁሉ ርካሹ ደብተርና እርሳስ ነው። አንድ ልኬት የሚነግረን የዛሬውን ሁኔታ ብቻ ነው፤ በተከታታይ የተመዘገቡ ልኬቶች ግን አቅጣጫውን ያሳያሉ። ለምሳሌ የጭስ ማስወጫው ክፍተት 0.20 ላይ ተስተካክሎ፣ ከተወሰነ ጉዞ በኋላ 0.19 ሆኖ ቢገኝና እንደገና ወደ 0.20 ቢመለስ የሚያሳስብ ነገር የለም። በሚቀጥለው ተመሳሳይ ርቀት 0.17፣ ከዚያም ባነሰ ርቀት 0.13 ሆኖ ከተገኘ ግን ቫልቩ ወይም መቀመጫው በፍጥነት እየተበላ ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ ብሎኑን ማስተካከል በቂ መስሎ ይታያል። ደብተሩ ግን ቴስታታው ወደ ባለሙያ የሚሄድበት ጊዜ መድረሱን ይናገራል፤ ያም ባለሙያው ቅርብ፣ መለዋወጫውም ሊገኝ በሚችልበት ከተማ ሳለን ነው።

ስለሆነም ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ወይም ጽሕፈት ቤት ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ደብተር እንዲከፍት እንመክራለን። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀኑ፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትር፣ የሁለቱም ዓይነት ቫልቮች ክፍተት ከማስተካከል በፊትና በኋላ፣ የእመቃው ግፊት፣ የተገጠመው ጂግለር ቁጥር፣ የካንዴላው ቀለምና ዘይት የተቀየረበት ጊዜ ይመዝገብ። ሞተር ብስክሌቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ደብተሩም ከቁልፉ ጋር አብሮ ይተላለፍ።